ፖሊግራፍ ልመርመር ወይስ እምቢ ልበል? የየሀገሩ ህግ ሲነጻጸር ለኛ የሚሻለው የቱ ነው

አብሽሩ ወገኖቼ። ይሄን ጽሁፍ ያጻፈኝ ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ የሆነ ነገር ነው። የዘመዴ ልጅ አንድ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ሆኖ ይሰራል፣ ከካዝና ብር ጎደለ ተባለና ባለቤቱ አምስቱንም ሰራተኛ ሰብስቦ "ውሸት የሚለይ ማሽን ላስመጣ ነው፣ እምቢ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይመረመራል፣ ያልሰረቀ ሰው ምን ያስፈራዋል" አላቸው። ልጁ ማታ ደወለልኝ፣ "ልፈርምላቸው ወይስ ልተወው?" ነው የሚለኝ፣ ድምጹ ይንቀጠቀጣል። እኔ ህግ ተምሬ ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ግን ያን ማታ ቶሎ የምመልስለት አጣሁ፣ ለምን መሰላችሁ ጥያቄው ሁለት ነው፣ አንዱ ልጁ ነገ ጠዋት ምን ያድርግ የሚለው ነው፣ ሌላው ደግሞ ሀገራችን ይሄን ነገር በህግ ልግዛው ብትል የማንን መንገድ ብትይዝ ይሻላል የሚለው። ሁለቱንም ላነጻጽርላችሁ። የፈረንጁን ዘመን እ.ኤ.አ. እላለሁ፣ የኛን ዓ.ም።

ማሽኑ የሚያየው ምንድነው

ፖሊግራፍ፣ ያ ውሸት የሚለይ የሚባለው ማሽን፣ ውሸት አያይም። ደረትና ሆድ ላይ ሁለት የጎማ ቱቦ ይጠመጠምና ትንፋሽ ይከታተላል፣ ክንድ ላይ ጤና ጣቢያ ግፊት ሲለኩን የሚያስሩት አይነት ይታሰርና የደም ግፊትና የልብ ምት ይይዛል፣ ጣት ላይ ትንሽ ብረት ተደርጎ ላብ ይለካል። በቃ ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ የበርክሌይ ፖሊስ የነበረው ጆን ላርሰን ከሰራው ወዲህ መስመሩ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ እንጂ የሚለካው ያው ነው። እንግዲህ ከሰዓት ጫት ቅሞ የተነሳ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ ለወሎ ሰው አይነገረውም፣ አቦል ቶና በረካ ጨርሶ የመጣም እንደዛው፣ በደሴ ብርድ ጣቱ የደነዘዘም አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በንጹህ ጎኑ ሌባ ተብሎ የተጠራ ሰው አለ፣ የሱ ልብ ያልመታ የማን ልብ ሊመታ ነው።

አጠያየቁ ሁለት አይነት ነው፣ ህጉን ለመምረጥም ስለሚጠቅም ልዩነቱን ያዙት። የተለመደው አይነት "ከካዝናው ብር ወስደሃል?" የሚለውን "በህይወትህ የሰው ነገር ነክተህ ታውቃለህ?" ከሚል አጠቃላይ ጥያቄ ጋር ያስተያያል። ሀሳቡ ሌባ በመጀመሪያው ይደነግጣል፣ ንጹህ ሰው ግን በሁለተኛው የበለጠ ይጨነቃል ነው። እስቲ በዛ ደሞዝ እናቱን የሚጦር ልጅ አስቡ፣ የትኛው ጥያቄ ነው የሚያስደነግጠው?

ሁለተኛው አይነት እ.ኤ.አ. በ1959 ዴቪድ ሊከን የሚባል የስነ ልቦና ምሁር ያቀረበው ነው፣ የጃፓን ፖሊስም የሚሰራው በዚህኛው ነው። እዚህ ሰረቅህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የሚፈለገው ሌባው ብቻ ሊያውቀው የሚችል ነገር ነው። ለምሳሌ ሰኞ ገበያ ሱቅ ተሰብሮ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ጋቢ ጠፋ እንበል። ጥለቱ ቀይ ነው? ሰማያዊ ነው? አረንጓዴ ነው? ቢጫ ነው? እየተባለ ይጠየቃል፣ ሰውየው ሁሉንም አላውቅም ቢልም ሰውነቱ አረንጓዴው ላይ እየደጋገመ ከተለየ ነገሩን ያውቀዋል ማለት ነው፣ ከደሙ ንጹህ የሆነው ግን ለሱ አራቱም ቀለም አንድ ነው። እውነት ለመናገር ይሄኛው ይሻላል። ችግሩ ዝርዝሩ ሚስጥር ሆኖ መቆየት አለበት፣ እኛ ጋ ደግሞ ፖሊስ እስኪደርስ ጎረቤቱ ቡና ላይ ጥለቱን፣ የቁልፉን አሰባበርና የሰዓቱን ነገር ሁሉ ተጫውቶ ጨርሶታል፣ ስለዚ አረንጓዴ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ማሽኑ ስንቴ ይስታል የሚለው ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2003 ትልቅ ሪፖርት አውጥቷል። አንድ የታወቀ ድርጊት ላይ ሲጠየቅ በግምት ከመናገር ይሻላል ግን ከፍጹምነት በጣም ይርቃል፣ ለጅምላ ማጣሪያ ደግሞ አይሆንም ነው ያለው። ስሌታቸው እንዲህ ነው፣ 10,000 ሰራተኛ ውስጥ 10 ሰላዮች ቢኖሩና ከአስሩ ስምንቱን ለመያዝ ቢፈለግ ወደ 1,600 ንጹሃን አብረው ይወድቃሉ። ያም ሆኖ ሁለት ሰላይ ያመልጣል። ይሄ ደግሞ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ባልደረባ ሆኖ ለሶቭየት ይሰልል የነበረው አልድሪች ኤምስ በስለላው ዘመን ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991፣ ተመርምሮ አልፏል። በሲያትል አካባቢ ብዙ ሴቶችን የገደለው ጌሪ ሪጅዌይም እ.ኤ.አ. በ1984 ፖሊግራፉን አለፈና እስከ 2001 ድረስ በነጻነት ኖረ፣ የያዘው ዲኤንኤ ነው።

እኛ የምናውቀው ማሽን

አያቴ ስለ ሌባሻይ ስታወራ ነው ያደግኩት። ዕቃ ሲጠፋ ሌባሻዩ ልጁን የሆነ ነገር ያጠጣዋል ያጨሰዋል፣ ወገቡን በመቀነት አስሮ ይይዝና ልጁ እየተንገዳገደ በየቤቱ ይሮጣል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ ይክፈል። አያቴ የነገረችኝ አንድ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አይወጣም፣ "ልጁ የሚወድቀው ውሻ የሌለው ቤት ነው" ትል ነበር። ውሻ ያለው ቤት ይጮህበታላ፣ አይጠጋም፣ ውሻ የሌላት ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ከብት የሌላት፣ የሚጠበቅ ነገር የሌላት ናት። ያ ሁሉ ጭስና ሩጫ ዞሮ ዞሮ መከላከያ የሌለው ደጅ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ይሄን ያነሳሁት አዲስ መሳሪያ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ስለሆነ ነው፣ ማን ነው እምቢ ማለት የሚችለው? የየሀገሩን ህግም የማበጥረው በዚህ ወንፊት ነው።

የየሀገሩ መንገድ

ከጀርመን ልጀምር፣ በሩን አጥብቆ የዘጋ እሱ ነውና። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ተከሳሹ ቢስማማ እንኳ የሰውን ክብር የሚነካ ነው አይቻልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ምክንያቱን ቀየረው፣ በፈቃዱ ከሆነ ክብሩ አልተነካም፣ ግን ማስረጃ ለመሆን ከናካቴው የማይበቃ ነገር ነው አለ። ለኔ ሁለተኛው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ክብር ስትል ሰው "እኔ ክብሬን ትቻለሁ" ሊልህ ይችላል፣ አይረባም ካልከው ግን ክርክሩ አለቀ። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክልል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ለዚሁ ብቻ ህግ አውጥቶ አሰሪም እንዳይጠቀምበት ፍርድ ቤትም እንዳይቀበለው ከለከለ።

ህንድን በደንብ ልግባበት። በሲልቪ መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ማንም ሰው ሳይፈቅድ ፖሊግራፍም ሆነ ሰውን በመድሃኒት አደንዝዞ መመርመር አይደረግበትም፣ በራስ ላይ ያለመመስከር መብትን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። እስከዚህ ሌላም ሀገር ይለዋል። ህንድን የሚለየው ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘሩ ነው፣ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን መመሪያ ፍርድ ቤቱ ተከተሉ አለ። ፈቃዱ ጣቢያ ውስጥ ሳይሆን ዳኛ ፊት ይሰጣል፣ ጠበቃ ይኖራል፣ በአካሉም በመንፈሱም በህግም የሚያስከትለው ነገር ይነገረዋል፣ ዳኛው ሰውየው ስንት ጊዜ ታስሮ እንደቆየና እንዴት እንደተጠየቀ ይመለከታል፣ ምርመራውን የሚሰራው ገለልተኛ አካል ነው። ይሄ ሁሉ ተሟልቶም ውጤቱ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፣ በፈቃደኛው ምርመራ ምክንያት የተገኘ ዕቃ ወይም መረጃ ግን ሊቀርብ ይችላል።

የካናዳው መንገድ ብዙ ሰው ሲያየው ሚዛናዊ ይመስለዋል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የፖሊግራፍ ውጤት ፍርድ ቤት አይገባም አለ፣ ፖሊስ ግን ለምርመራ ሊጠቀምበት ይችላል። ጥሩ ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2000 በኦይክል መዝገብ ምን እንደመጣ እዩ፣ ፖሊስ ሰውየውን በማሽን መረመረው፣ ወድቀሃል አለው፣ ከዛ ለሰዓታት ጠይቆት ሰውየው አመነ፣ ፍርድ ቤቱም ኑዛዜውን ተቀበለ። ማለት ማሽኑ በፊት ለፊት በር ተከልክሎ በጓሮ ገባ። አሜሪካ ውስጥም ፖሊስ የማሽኑን ውጤት ለተጠርጣሪው ዋሽቶ ሊነግረው ይችላል፣ በብዙ ቦታ ይሄ አይከለከልም። እ.ኤ.አ. በ1973 ኮኔቲከት ውስጥ እናቱ የተገደለችበት የ18 ዓመት ልጅ ነበረ፣ ፖሊግራፍ አስቀምጠው ማሽኑ አንተ ነህ ይላል አሉት፣ ልጁ ማሽኑን ከራሱ ትዝታ በላይ አመነና እኔ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ፈረመ። ተፈረደበት፣ ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ1976 ተነሳለት፣ በኋላም ክሱ ተቋረጠ። እናቱን አልቅሶ ሳይቀብር ገዳይዋ ተባለ። ይሄን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር ያ የኮምቦልቻው ድምጽ ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣው።

አሜሪካ በአጠቃላይ አንድ መልስ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1923 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፖሊግራፍን አያት (ቀዳሚውን ምርመራ) አልቀበልም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ፖሊግራፍን ሙሉ በሙሉ ሊከለክሉ ይችላሉ ብሎ ወሰነ፣ ኒው ሜክሲኮ ግን መስፈርት አውጥታ ስትቀበል ኖራለች። ለሰራተኛ የወጣው ህግ ነው የሚጠቅመን። እ.ኤ.አ. በ1988 ኮንግረስ የግል አሰሪ ሰራተኛውን በዚህ ማሽን እንዳይመረምር ከለከለ። ለመንግስት መስሪያ ቤት አይሰራም፣ ለጥበቃ ድርጅቶችና ለመሰሉት የተተወ ቀዳዳም አለ። ስርቆት ደርሶ ምርመራ ላይ ያለ አሰሪ መጠየቅ ይችላል፣ ግን ለምን እንደጠረጠረ በጽሁፍ አድርጎ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መስጠት አለበት፣ ሰራተኛው እምቢ ማለት ይችላል፣ በውጤቱ ብቻም አይባረርም። የኛን ባለቤት በዚህ ሚዛን አስቀምጡት እስቲ።

እንግሊዝ ሌላ ነገር ናት። እ.ኤ.አ. የ2007ቱ ህጓ የወሲብ ወንጀል ፈጽመው በገደብ የተፈቱ ሰዎችን በየጊዜው በፖሊግራፍ ለመከታተል ፈቀደ፣ በ2021 በቤት ውስጥ ጥቃትና በሽብር ለተፈረደባቸውም አሰፋችው፣ ውጤቱ ለወንጀል ክስ ማስረጃ አይሆንም። የተፈረደበት ሰው ላይ ስለሆነ ጥያቄው ከኛ ይለያል፣ አልገባበትም።

ታዲያ የትኛው?

እኔ አንዱን ሀገር በሙሉ አንሱ አልልም። ፍርድ ቤት ውስጥ የጀርመኑ የ1998 መልስ ይሁን፣ አይገባም፣ በስምምነትም አይገባም፣ ምክንያቱም ስምምነትን ከደሃ መግዛት ቀላል ነው። ስራ ቦታ ላይ ደግሞ የኒው ሳውዝ ዌልሱ፣ የአሜሪካው 48 ሰዓት ጠበቃ ለሚያገኝ ሰራተኛ ነው የሚሰራው፣ ለቀን ሰራተኛ ወረቀቱን ማን ያነብለታል። የከበደኝ የፖሊስ ምርመራው ነው። እዚህ የህንዱን እመርጣለሁ፣ ዳኛ ፊት የሚሰጥ ፈቃድ፣ ጠበቃ ባለበት፣ ከዛ ላይ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፣ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ የተሰጠ ኑዛዜ ራሱ እንዳይቀርብ፣ ያለዚያ የካናዳው ጓሮ ይከፈታል። የካናዳውን መንገድ ለኛ የሚመክር ሰው ጣቢያ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይመስለኛል።

ከጃፓን የምወስደው አጠያየቁን ብቻ ነው፣ የግድ ይደረግ ከተባለ ሰረቅህ ወይ ከሚለው የጋቢው ጥለት ይሻላል።

አሁን እጃችን ላይ ያለው ህግ

በህገ መንግስቱም ሆነ በ1954 ዓ.ም የወንጀል ስነ ስርዓት ህግ ውስጥ ፖሊግራፍ በስሙ አልተጠራም። ያ ማለት ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው ይላል፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረውም ይገባል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ እንዲያምን አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጽ 20 ንጹህ ሆኖ የመገመትን መብት ይሰጣል። የስነ ስርዓት ህጉ አንቀጽ 27 ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አትገደድም፣ ቋንቋውን ካላወቅክ አስተርጓሚ ይመጣልሃል ይላል፣ ከሚሴና ባቲ አካባቢ ለምንኖር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የማሽን ጥያቄ አንድ ቃል ሲዛነፍ ሁሉም ይዛነፋል። አንቀጽ 31 ማስፈራራትንም ማባበልንም ይከለክላል። አንቀጽ 34 አካልን በሀኪም ማስመርመርን ይፈቅዳል፣ ደምንም ይጨምራል፣ እዚህ ላይ "ፖሊግራፍም የአካል ምርመራ ነው" የሚል ሊመጣ ይችላል። አይደለም ነው የኔ መልስ። ደም ዝም ብሎ ነው የሚመሰክረው፣ ፖሊግራፍ ግን ሰውየው ካልተጠየቀና ካልመለሰ የሚያወጣው መስመር ትርጉም የለውም፣ ስለዚ ንግግር ነው፣ ንግግር ከሆነ ደግሞ ዝም የማለት መብት ይሸፍነዋል። የህንድ ፍርድ ቤትም ነገሩን ወደዚሁ ነው የመለሰው። ተጠርጣሪን አግባብ ባልሆነ ዘዴ የሚያስገድድ የመንግስት ሰራተኛ ደግሞ በ1996 ዓ.ም የወንጀል ህግ አንቀጽ 424 ይጠየቃል።

ለሰውየው ሶስት ምርጫ አለ

እምቢ ማለት፣ እሺ ማለት፣ በቅድመ ሁኔታ እሺ ማለት። ደፍኖ እሺን ለማንም አልመክርም፣ በተለይ እርግጠኛ ንጹህ ለሆነ ሰው፣ "ንጹህ ነኝ ምን አገባኝ" ብሎ የሚቀመጠው እሱ ነውና። በቅድመ ሁኔታ እሺ የሚጠቅመው ጠበቃ ላለው፣ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በጽሁፍ ለሚያገኝ፣ ተርጓሚና ሀኪም ለሚቀርብለት ሰው ነው፣ ይሄን የሚያሟላ ስንት ሰው እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ለቀረነው እምቢ ነው። እምቢ ማለት ጥፋተኛ አያሰኝም፣ ዝም የማለት መብት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ስራ ቦታ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ በኦዲት ይታይ በሉ፣ የቁልፍና የፈረቃ መዝገብ ይቅረብ በሉ። ሽማግሌ ይግባበት ካላችሁም ጥሩ ነው፣ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀበለው አበጋር አለ፣ ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት ሰምቶ ነው የሚናገረው።

የኮምቦልቻው ልጅ አልፈረመም። ያ ማሽን የተባለው ነገር ሲመጣ ስልክ ላይ የተጫነ አፕ ሆኖ ተገኘ፣ ድምጽ እየሰማ አረንጓዴና ቀይ የሚያበራ። ሁለቱ ሰራተኞች ተናግረውበት ነበር፣ አንዷ ሳል ይዟት ቀይ በራባት። ልጁ የፈረቃ መዝገቡ ይታይልኝ ብሎ በጽሁፍ አመለከተ፣ ነገሩ እስካሁን በሂሳብ ምርመራ ላይ ነው።

ጣቢያ ደርሶ ማሽን ከተባለ በቃል መቀበያው ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍላችሁ፦ "በህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 መሰረት ላለመናገር ያለኝን መብት እጠቀማለሁ፣ በመሳሪያ ለመመርመር ፈቃደኛ አይደለሁም፣ ጠበቃ ሳይኖር ስለዚህ ጉዳይ አልጠየቅም።" አንብባችሁ ወይም የምታምኑት ሰው አንብቦላችሁ ነው የምትፈርሙት፣ ከአረፍተ ነገሩ በታች ባዶ መስመር ካለ ደግሞ ሰረዝ አድርጉበት።